ከታች የሚጣራ ሰው

በተራራማው የኩራሳዋ መንደር ጣሪያ ላይ ምን ያህል በረዶ እንደተከመረ ለማወቅ ደጅ መውጣት አያስፈልግም፤ የውስጥ በሮች ይናገራሉ። ከእንጨትና ከወረቀት የተሠሩት ተንሸራታች በሮች በበጋ በአንድ ጣት ሲነኳቸው ተንሸራትተው እልም ይላሉ። ጣሪያው ሲከብድ ግን አግዳሚው ይጎብጥና ከላይ ይጫናቸዋል። መጀመሪያ ያንገራግራሉ፣ ቀጥሎ ትከሻ ይፈልጋሉ፣ በመጨረሻ ጭራሽ እምቢ ይላሉ። እምቢ ካሉ ወዲያ ወይ ሰው ጣሪያው ላይ ይወጣል፣ ወይ ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል። ሦስተኛ መንገድ እስካሁን የፈለሰፈ የለም።

ኪኑዌ ያን ሰሞን የወጥ ቤቷን በር የምትከፍተው በትከሻዋ እየገፋች ነበር። ሰባዎቹን አጋምሳለች። ባሏ በሆስፒታል ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ልጅም አልወለዱም። መንደሩ እሷ ስታገባ ገና ሙሉ ነበር፤ አሁን ጭስ የሚወጣው ከሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ከእሷ ቤትና ከቦዩ ማዶ ካለው ከጌንሳኩ ቤት። የሌሎቹ ቤቶች ባለቤቶች ወይ ከተማ ወይ መቃብር ገብተዋል። በረዶውም ሰው የማይወጣበትን ጣሪያ እየመረጠ በየዓመቱ አንድ ሁለቱን ይጥላል።

የኩራሳዋ የበረዶ ሕግ አጭር ነው፤ አንድ ሰው ላይ፣ አንድ ሰው ታች። ላይ ያለው ይዝቃል። ታች ያለው ቆሞ፣ እየበረደው፣ ይጣራል። «አለህ?» ይላል። ከላይ «አለሁ» ይባላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «አለህ?» ይላል። ለማያውቀው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከጣሪያ የተናደ በረዶ የተጫነው ሰው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም። ታች ሰው ካለ ወዲያው አካፋ አንስቶ ይቆፍራል፤ ከሌለ በረዶው ሥራውን ይጨርሳል። ጌንሳኩ ላይ፣ ኪኑዌ ታች ሆነው፣ መጀመሪያ የእሷን ጣሪያ ቀጥሎ የእሱን እያራገፉ ብዙ ክረምት አልፏል። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ እሷ ወደ ላይ ወጥታ አታውቅም።

ጌንሳኩ ሰማንያን የተሻገረ ሽማግሌ ነው። አናጢ ነበር፤ ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን ይኖራል፣ አፉ አያርፍም። የበረዶ ትምህርቱን በየዓመቱ ከሀ ጀምሮ ያስተምራታል፣ እሷም በየዓመቱ እንደ አዲስ ትሰማዋለች። ከመውጣትሽ በፊት ሰውነትሽን አሙቂ። ትንሽ ትንሽ ዛቂ፤ ስግብግብ ሰው ጣሪያ ላይ አያረጅም። በጉልበትሽ ተነሺ እንጂ ወገብሽን አትመኚ። ከአናት ጀምረሽ ወደ ጠርዝ ውረጂ። ቆርቆሮው እስኪታይ አትፋቂ፣ ለእግርሽ ትንሽ ተይለት። አንዱን ጎን አራቁተሽ ሌላውን አትተዪ፣ ቤቱ ይዛነፋል። ገመድ ሳታስሪ አትውጪ። የጣሪያው ጠርዝ ማንጠባጠብ የጀመረ ዕለት ደግሞ ቤትሽ ተቀምጠሽ ሻይሽን ጠጪ።

ቁጠባውም የታወቀ ነው። በእሱ ቤት ሩዝ የታጠበበት ውሃ ሳህን ያጥባል፣ ገላ የታጠቡበት ውሃ ልብስ ያጥባል፣ ልብስ ያጠበው ደግሞ መጸዳጃ ቤት ይገባል። ውሃው ጡረታ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው እያለች ኪኑዌ ትቀልድበታለች። ክረምት ሲገባ ፍሪጁን ይነቅላል። ደጁ ሁሉ ፍሪጅ ሆኖ ሳለ መብራት ማቃጠል ነውር ነው ይላል። ጥቅል ጎመኑንና ካሮቱን በረዶ ስር ይቀብራል፤ በረዶ ውስጥ የከረመ ካሮት እንደ ስኳር ይጣፍጣል። በጓሮው የከመረውን በረዶ በሩዝ ገለባ ሸፍኖ እስከ በጋው እኩሌታ ያቆየውና ሐብሐብ ያቀዘቅዝበታል። የታችኛው መንደር ጽሕፈት ቤት ለደረጃ የሚበተን የበረዶ ማቅለጫ ጨው በየዓመቱ በከረጢት ያድላል፤ ጌንሳኩ የእሱን ከረጢት ከፍቶ አያውቅም። ይህ ጨው ቀልጦ የሚወርደው ወደ ሩዝ ማሳ ነው፣ የኔን ደረጃ ላጸዳ ብዬ የሰው እህል ላቃጥል ወይ፣ ይላል። በጨው ፈንታ ከምድጃው የጠረገውን አመድ ይበትናል። አመድ ፀሐይ ስለሚስብ በረዶውን ቀስ አድርጎ ይበላዋል። ኪኑዌም ይህን ከእሱ ተምራ ታደርገዋለች። የሁለቱ ደረጃዎች በዚያ ሁሉ ነጭ መሐል ጠቁረው ሲታዩ፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው እዚህ አሁንም ሰው አለ ይል ነበር።

የዚያ ዓመት በረዶ ግን ቀልድ አያውቅም ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ በረዶም ያው ውሃ አይደል፣ መጀመሪያ ሰሞን ቀስ እያለ፣ እያማረ፣ ሌትና ቀን ወረደ። ጌንሳኩ የእሷን ጣሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያራግፍ ኪኑዌ እንደ ወትሮዋ ታች ቆማ ትጣራ ነበር። «አለህ?» አለች። መልስ የለም። አካፋዋን አንስታ መሮጥ ስትጀምር «አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ፣ ድምፁ ግን የእሱ አይመስልም። ቀና ስትል በረዶው ላይ ቁጭ ብሎ አየችው። አንድ እጁን ካፖርቱ ውስጥ አስገብቶ ደረቱን ይዟል። ከመሰላሉ ሲወርድ ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ልብህ ነው» አለችው።

«ሆዴ ነው። ትናንት የበላሁት ኮምጣጣ ጎመን ነው።»

«ሆድ ደግሞ መቼ ነው ደረት ላይ የወጣው?»

«እኔ አናጢ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ለሳናኤ ከነገርሻት ግን አንቺን አያድርገኝ።»

ሳናኤ አንድ ልጁ ናት፣ በከተማ ነርስ ሆና ትሠራለች። አባቷን ወደ እሷ እንዲመጣ በየዓመቱ ትለምነዋለች፣ እሱም በየዓመቱ ቤቱ ብቻውን ይፈራል እያለ ይመልሳታል። ይህን ብትሰማ በዚያው ሳምንት መጥታ እንደምትወስደው ሁለቱም ያውቁታል። ጌንሳኩ ከሄደ ደግሞ ኪኑዌ ላይም ታችም ልትሆን አትችልም፤ የእሱ መሄድ የእሷም መሄድ ነው፣ ሽማግሌዎች በተርታ ቴሌቪዥን ፊት ወደሚቀመጡበት ወደዚያ ሙቅ ቤት። ስለዚህ አልነገረችም። ዝም ያለችው ለእሱ ብላ ብቻ አልነበረም። ይህን ታውቀዋለች፤ ባሰበችው ቁጥርም ታፍራለች።

በዚያ ቀን የእሱ ጣሪያ ሳይነካ ቀረ። ኪኑዌም ታች ብዙ በመቆሟ ሳል ያዛት። እሷ እየሳለች፣ እሱ ደረቱን እያሻሸ፣ በረዶው እንደገና ቀጠለ።

የላይኛው መንደር፣ የኩራሳዋ፣ የቦይ ተራ ጠዋት ነው። የተራራው ውሃ ሲለቀቅ ሰው ሁሉ የደጁን በረዶ እየገፋ ወደ ቦዩ ይጥላል፣ ውሃው ይዞት ይወርዳል። ከተራ ውጭ የጣለ እንደሆነ ቦዩ ይደፈንና ታች ያሉት ቤት ውሃ ይገባል። በዚህ የተነሳ ኪኑዌና ጌንሳኩ ፈለጉም አልፈለጉም በየጠዋቱ ቦዩ ግራና ቀኝ ይገናኛሉ። አንድ ቀን ጌንሳኩ አካፋውን ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ጠየቃት።

«በሮችሽ እንዴት ናቸው?»

«እልም ይላሉ» አለችው። ያን ዕለት ጠዋት የወጥ ቤቱ በር ትከሻዋን አበልዞት ነበር። «ያንተስ?»

«እንደ ቅቤ። እኔ የሠራሁት ቤት እኮ ነው። እሱን ተይውና ሳልሽን ይዘሽ ተኚ። የኔ ጣሪያ ይቆያል።»

«የኔም ይቆያል። ያንተን ቀን ስታስብ ግን ጥራኝ፣ መጥቼ እቆማለሁ።»

«ከአንቺ ሌላ ማንን እጠራለሁ? እዚህ ያሉት ቀበሮዎች ብቻ ናቸው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሁለቱም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ተነሳስተው ወደየቤታቸው ገቡ።

እዚህ አገር ሰው ከሞት ይልቅ የሚፈራው ማስቸገርን ነው። እሳት ቤቱን ሲበላው የጎረቤት በር ለማንኳኳት ሰዓቱ ጥሩ ይሆን ወይ ብሎ የሚያመነታ ሕዝብ ነው። ይሉኝታ በልኩ ከሆነ ሰውን ሰው ያደርጋል፤ ልኩን ሲያልፍ ግን ከበረዶ ይከብዳል፣ እሱን የሚዝቅ አካፋ ደግሞ አልተሠራም።

ኪኑዌ በዚያው ቀን ለታችኛው መንደር ጽሕፈት ቤት ደወለች። አቅም ለሌላቸው በረዶ የሚያነሱ ጎልማሶች እንዳሉ ሰምታለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት። ተመዝጋቢው ዘንድሮ እጅግ መብዛቱን፣ የኪኑዌም ተራ በሚመጣው ሳምንት አጋማሽ ገደማ እንደሚደርስ ነገረቻት። ቤቱ የመውደቅ አደጋ አለበት ወይ ብላም ጠየቀች። ኪኑዌ ኧረ ምንም አይል፣ ከእኔ የባሰባቸውን አስቀድሙ አለችና ለስልኩ እጅ ነስታ ዘጋች። በማግስቱ ጠዋት የወጥ ቤቱ በር ጭራሽ እምቢ አለ።

ጌንሳኩን ብትጠራው ይመጣል። ይህ የታወቀ ነው፤ ደረቱን ይዞም ቢሆን እየቀለደ መሰላሉን ይወጣል። ካልጠራችው ጣሪያው ይወርዳል። አውጥታ አውርዳ ራሷ ለመውጣት ቆረጠች፤ ያውም እሱ ሳይነሳ፣ ጎህ ሲቀድ። ጣሪያዋ ሁለት ጎን አለው፣ አንዱ ወደ ተራራው ሌላው ወደ ጌንሳኩ ቤት ያያል። በተራራው በኩል ከጀመረች እሱ አያያትም። ሌላውን ጎን ደግሞ በሌላ ቀን ትጨርሰዋለች። ጠርዙ ገና አያንጠባጥብም ነበር፤ ነፋሱ ግን ሌሊቱን ከደቡብ ዞሮ ለስለስ ብሏል። ፀሐይ ሳትበረታ እወርዳለሁ ብላ አሰበች።

ገመዱን በወገቧ አሰረች። ጉልበቷን በጨርቅ ጠቀለለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ጥቂት ክረምት ጣሪያዋን ራሷ ታራግፍ ስለነበር እጇ ሥራውን አልረሳውም። ትንሽ ትንሽ እየዛቀች፣ ስትስል አፏን በጓንቷ እያፈነች፣ የተራራውን ጎን አጋመሰችው። የሚጣራት ስለሌለ ዝምታው ጆሮዋን ከበዳት። ቢሆንም ሥራው በመሄዱ ደስ አላት፣ እንዲያውም ኮራች። ትንፋሽ ለመውሰድ ወደ ጣሪያው አናት ወጥታ ቀና ስትል ጌንሳኩን አየችው።

ጣሪያው ላይ ነው። ከቦዩ ማዶ፣ ፊቱን ለእሷ ሰጥቶ፣ አጎንብሶ ይዝቃል። ብቻውን ነው። ወገቡ ላይ ገመድ የለም። ታች ሰው የለም።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ይሄ ውሸታም፣ ጥራኝ እያልኩት አለች በልቧ። ቀጥሎ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን ራሷን አየች፤ እሷም ላይ ናት፣ እሷም ብቻዋን ናት፣ በሮቼ እልም ይላሉ ብላ እሷም ዋሽታለች። ቢያያት ሥራውን ጥሎ መጥቶ ታች ካልቆምኩ ይላል፣ ከዚያም አንቺ ውረጂ እኔ ልውጣ ይላል፣ በዚያ ደረቱ። ይህ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ግን በዚህ ዕድሜዋ ጎመን ስትሰርቅ እንደተያዘች ሴት ማፈሯ ነበር። አፏን ዘጋች። ከአናቱ ወዲህ ዝቅ ብላ በሆዷ በረዶው ላይ ተኛች።

እዚያ ተኝታ የአካፋውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ጭፍ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጭፍ ይላል። የሚያርፈው ከወትሮው በዛ። ቶሎ ጨርሶ እንዲገባ በልቧ ለመነች። ብርዱ በደረቷ ገባ። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ አለች፣ ፊቷ ላይም ሞቅ ያለ ነገር ተሰማት። ሳሏ መጣ፤ እጅጌዋን ነክሳ ዋጠችው። የዚያን ጊዜ ነው ከማዶ ያ ረጅም ድምፅ የተሰማው፣ መጋዘን ውስጥ እህል ከጆንያ ሲዘረገፍ የሚሰማው ዓይነት። የጣሪያ በረዶ በአንድ ጊዜ ሲወርድ እንዲህ ነው። በዚያ አገር በክረምት በቀን ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ደግሞም ደስ የሚል ድምፅ ነው፤ ጣሪያው ራሱን ገላገለ ማለት ነው።

ከዚያ ጸጥ አለ።

አውርዶት ተገላገለ፣ አለች ኪኑዌ በልቧ። አሁን ወርዶ ሻዩን ያፈላል። ወደ ቤት እስኪገባ ጥቂት ታገሠች። ከዚያም እንዳያያት አንገቷን ሳታቀና ወደ ተራራው ጎን ወርዳ የጀመረችውን ጨረሰች። መሰላሏን ደበቀች። የረጠበ ልብሷን ለወጠች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ጸጉሯን አበጠረች። የወጥ ቤቱ በር ትንሽ ላላ ብሎላት ነበር። ከዚያ ከበረዶው ስር ጥቂት ካሮት አውጥታ በጨርቅ ቋጠረች። ካሮቱ ሰበብ ነው፤ እንደ ዋዛ ሄዳ፣ ጣሪያህ በጊዜ ቀለለ፣ ማን ተጣራልህ ብላ ልታፋጥጠው፣ አንዱ ውሸታም ሌላውን ውሸታም ሊያሳፍር ነው። መንገድ ላይ የምትለውን እያዘጋጀች ፈገግ ትል ነበር።

መሰላሉ እንደቆመ ነው። ከመሰላሉ ወደ በሩ የሚሄድ የእግር ዱካ የለም።

«አለህ?» አለች።

ከጣሪያው ስር አዲስ የወደቀው በረዶ ከእሷ ቁመት ይበልጣል። ካሮቱን ጣለች። የት ብላ እንደምትጀምር አታውቅም፤ ከደጁ አካፋ አንስታ እንደ እብድ እዚህም እዚያም ቆፈረች። አካፋው ቢያገኘው ይጎዳዋል ብላ በእጇ ቆፈረች፣ በእጇ ሲዘገይባት መልሳ አካፋውን አነሳች። ለካ ከታች የሚቆም ሰው ጥቅሙ መጣራቱ ብቻ አይደለም፤ የት እንደወደቀ ያያል። እሷ አላየችም። እያለከለከች ገብታ በጌንሳኩ ስልክ ወደ ታችኛው መንደር ደወለች።

ሰዎቹ ፈጥነው መጡ። የታችኛው መንደር ሊቀመንበር ቶሞጂ ረጅም ቀጭን ዘንግ ይዞ በረዶውን እየወጋ ፈለገ። ጌንሳኩን ያገኙት ቁጭ እንዳለ ነው፣ ሁለት ክንዱ ፊቱ ላይ። ቶሞጂ ክንዱን ቀስ አድርጎ ገለጥ ሲያደርግ ሁሉም አዩ። በአፉና በአፍንጫው ዙሪያ ያለው በረዶ ቀልጦ እንደገና ረግቶ፣ ለስላሳ እንደ ብርጭቆ ሆኗል። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ንገሩኝ አይልም። በትንፋሽ የሚሆን ነው፣ በአንድ በሁለት ትንፋሽ ደግሞ አይሆንም። ጌንሳኩ ከወደቀ በኋላ በሕይወት ቆይቷል። ኪኑዌ መሰላሏን ስትደብቅ ይተነፍስ ነበር። ፊቷን ስትታጠብም ምናልባት ይተነፍስ ነበር።

ቶሞጂ ያን በረዶ በጓንቱ ጠረገው። ከዚያ ቀና ሲል ከቦዩ ማዶ የኪኑዌን ጣሪያ አየ፤ ግማሹ ክምር ነው፣ ከአናቱ ወዲያ ያለው ግማሹ ግን ከጎን ሲያዩት ተራግፏል፣ የአካፋው ምልክት ገና ትኩስ ነው። ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ። እሷም አየችው። ቶሞጂ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳና ስለ አስከሬኑ መጫኛ ከሰዎቹ ጋር መነጋገር ጀመረ። ኖሮ ኖሮ አንድም ቀን አልጠየቃትም። ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። ቢያንስ ለራሷ እንዲህ ትላለች።

በቀብሩ ቀን ሳናኤ ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ለሚመጣው ሁሉ እጅ ትነሳ ነበር። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ግን ቀጥ ያለ ነው። ኪኑዌን ስታይ ከሁሉም ይልቅ ዝቅ አለች።

«አክስቴ፣ አባቴ እስከ መጨረሻው አስቸገርዎት» አለቻት፣ ከልጅነቷ እንደለመደችው እየጠራቻት። «ይቅር ይበሉን።»

ኪኑዌም አጎንብሳ እጅ ነሳች።

«ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለች ሳናኤ። «ኪኑ ታች ቆማ ስትጣራልኝ ሳል ያዛት፣ የወጥ ቤቷም በር አልከፈት ብሏታል አለኝ። ነገረችህ ወይ ስለው፣ አናጢ ነኝ፣ የበር ጩኸት ከቦዩ ማዶም አይጠፋኝም፣ እሷ ግን ትደብቀኛለች አለ። ጎህ ሲቀድ ሳትነሳ የኔን ላራግፍና ከዚያ ሄጄ የሷን አወርዳለሁ፣ ቀስቅሼ ታች አላቆማትም አለኝ። ብቻህን እንዳትወጣ አልኩት። ኧረ ምን በወጣኝ ብሎ ሳቀ።»

«ደረቱን…» አለች ኪኑዌ።

«ደረቱ ምን ሆነ?»

«ምንም። ሳሉ አልያዘውም ወይ ልል ነው።»

ሳናኤ የኪኑዌን ሁለት እጆች ያዘች። ጣቶቿ በቁፋሮው ተላልጠው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሳናኤ ያን ስታይ እንባዋ መጣ።

«አደራ፣ ራስዎን እንዳይወቅሱ። ተኝተው ነበር። የተኛ ሰው ምን ይሰማል?»

ይህ ነበር ሰዓቱ። ከዚያ ወዲህ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ሰዓት ትመለሳለች፣ እዚያ በር ላይ፣ ያ ሙቅ እጅ እጇን እንደያዘ። እውነቱ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ይህችን ልጅ በአባቷ የቀብር ቀን ነግሬ ሌላ ሐዘን ላሸክማት ወይ ብላ አሰበች። ያም ይሉኝታ ነው እንግዲህ፤ መልኩን ለውጦ መጣ እንጂ።

«አዎ» አለች። «ተኝቼ ነበር።»

ሳናኤ ምድጃውን አጥፍታ፣ ውሃውን ከቧንቧው አፍስሳ፣ ቤቱን ቆልፋ ወደ ከተማ ተመለሰች። ጥቁሩ ደረጃ በማግስቱ ነጭ ሆነ። ኪኑዌ በቦይ ተራዋ በረዶ እየገፋች ወጥታ ማዶውን ሳታይ ትገባለች። ከጽሕፈት ቤቱ ያቺ ትሑት ልጅ ደውላ ተራዎ ደርሷል፣ ጎልማሶቹ ነገ ይመጣሉ አለቻት። ኪኑዌ ጎልማሶቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ግማሹን ማን አራገፈልዎት ሲሏት ታያት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጣሪያዬ ተራግፏል፣ ለሌላ ሰው ስጡት አለች። ልጅቷ ደስ ብሏት አመሰገነቻት፤ ከዝርዝሩ አንድ ሰው ሲቀነስ ሥራ ይቀላል።

አንዱ ጎን ተራግፎ ሌላው ተከምሮ ስለቀረ ቤቱ መዛነፍ ጀመረ። አሁን የሚያንገራግረው የወጥ ቤቱ በር ብቻ አይደለም። የመኝታ ቤቱ፣ የአዳራሹ፣ የባሏ ፎቶ ያለበት ክፍል በር፣ ሁሉም አንድ በአንድ ያዙ። ሌሊት ሌሊት እንጨቱ ሲንቋቋ ትሰማለች። አንድ ሰሞን ይውረድና ይገላግለኝ አለች። ቤት ግን የሰውን ፈቃድ ጠብቆ አይወርድም።

ካሮቱና ጎመኑ የተቀበረበትን ቦታ ለማግኘት እንኳ የሚያቅት በረዶ ከወረደ በኋላ፣ አንድ ብሩህ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ መሰላሏን አውጥታ አቆመች። በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንገዱ ማንም አላፊ ሊያያት በሚችልበት ሰዓት ነው። ጎህ እስኪቀድ መጠበቅ አላስፈለጋትም፣ ሳሏንም አላፈነችም። ከአሁን በኋላ ከዓይኑ የምትሸሸገው ሰው ስለሌለ፣ መዛቅ የጀመረችው ወደ ጌንሳኩ ቤት ከሚያየው ጎን ነው።